«ድነሃል ወይ?» በለቅሶ ድንኳን ውስጥ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከአዲስ አበባ መሀል ተነሥተን በየዳርቻው ወደተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከገባን ወዲህ፣ ቀድሞ በሰፈርና በቤተ ዘመድ ተለያይተን የኖርን የተለያየ ሃይማኖት ተከታዮች በአንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ አንድ የውኃ ታንከር መጠባበቅና በአንድ እድር መረዳዳት ጀምረናል። እኔ በምኖርበት በየካ አባዶ በአንድ ብሎክ ውስጥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ ከልዩ ልዩ ቤተ እምነት የመጡ ወንጌላውያን፣ ሙስሊሞችና ጥቂት ካቶሊኮች አብረን እንኖራለን። አኗኗራችን በአብዛኛው ሰላማዊ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ በታክሲ ውስጥም፣ በደረጃ ላይም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በለቅሶ ቤት እየተነሣ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያቀያይም እያየሁ ነው። ጥያቄው «ድነሃል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥያቄው ጨርሶ አይጠየቅ ለማለት ሳይሆን፣ ለማን፣ መቼና በምን መሠረት ላይ ሊጠየቅ እንደሚገባ ከሁለቱም ወገን ሲነገር ከምሰማው የተለየ ሐሳብ ስላለኝ ነው።

ማንነቴን ሳልገልጽ ብናገር ፍትሐዊ አይሆንም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነኝ፤ ወላጅ እናቴ ግን እስክታርፍ ድረስ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነቷ የጸናች፣ የንስሐ አባቷ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ የጓዳውን በር ሳይቀር ከፍታ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። አሁን የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንሁ ድንኳን ሲተከልም ሲነሣም ከቦታው አልጠፋም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጎረቤታችን አርፈው፣ በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ እንደተለመደው ድንኳን ተክለን ነበር። ሟች ኦርቶዶክስ ሲሆኑ ሴት ልጃቸው ወንጌላዊት አማኝ ናት። በሁለተኛው ምሽት ንፍሮ እየታደለ ሳለ፣ ልጅቱን ሊያጽናኑ ከመጡት መካከል አንድ ወጣት ሰባኪ ፈቃድ ጠይቆ ተነሣና ዛሬ ሌሊት ብትሞቱ የት እንደምትሄዱ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ሲል ጠየቀ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዙዎቻችን ሰምተን ባለፍነው ነበር፤ እሱ ግን ቀጠለና «አባታችንስ አሁን የት ናቸው?» አለ። ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እሱን ለፈጣሪው ተውለት» ሲሉት፣ ሰባኪው «አላውቅም ማለት እኮ አለማመን ነው፣ አባባ» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተባለውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ የንፍሮው ሳህን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ትቶ አንዱ ጉልበት ላይ ቀረ፣ ሰዎችም አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ።

በሳምንቱ የእድሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ሲሰበሰብ ጉዳዩ በሁለት ጎራ ከፈለን። አንዱ ወገን የሰባኪውን ድፍረት የእብሪት ጥግ አድርጎ ሲቆጥረው፣ ሌላው የአዛውንቱን መልስ የተስፋ ማጣት ምልክት አድርጎ ወሰደው። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘው ሁለቱም ቦታውን ስተዋል ብዬ አምናለሁ። ሰባኪው ስለ እግዚአብሔር ሊባል የሚገባውን እርግጠኝነት ወስዶ ስለ ሰው ተናገረበት፤ አዛውንቱ ደግሞ ስለ ሰው ሊባል የሚገባውን «አላውቅም» ለእግዚአብሔር የተስፋ ቃል እንዳያደርጉት የምንሰጋባቸው የብዙ ወገኖቻችን ምሳሌ ናቸው፤ ምንም እንኳ በዚያች ምሽት ከሁለቱ ትክክለኛውን ቃል የተናገሩት እሳቸው ቢሆኑም።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ እርግጠኝነት አይናገርም የሚል ካለ ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 13 ላይ የጻፈውን ያንብብ፦ «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ በእግዚአብሔር ልጅ ስም ለምታምኑ ይህን ጽፌላችኋለሁ።» ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 መጨረሻ ላይ ሞት ቢሆን፣ ሕይወት ቢሆን፣ ከፍታም ቢሆን ዝቅታም ቢሆን ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለየን እንደማይችል ተረድቻለሁ ይላል። ይህ የተጠራጣሪ ቋንቋ አይደለም። ሆኖም ይኸው ዮሐንስ በዚያው መልእክት መጀመሪያ ላይ «ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን» ብሎ ከዘጋ በኋላ፣ ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነው እግዚአብሔር ነው ሲል ይከፍታል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በራሱ ላይ እንኳ እንደማይፈርድ፣ ሕሊናው ባይወቅሰውም በዚህ እንደማይጸድቅ፣ የሚፈርደው ጌታ እንደሆነ ጽፎ፣ ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ እንደ ቆመ የሚመስለው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። ሐዋርያው ዓይኑን ወደ ክርስቶስ ሲያነሣ «ተረድቻለሁ» ይላል፤ ወደ ራሱ ሲመልስ «አልፈርድም» ይላል። በየመድረኩ የምንሰማው ግን ወይ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ወይ የሁለተኛውን ብቻ።

እንደ እድር ጸሐፊነቴ አንድ ነገር ልበል። እድር መዝገብ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ተከፍሎለታል፣ ያልከፈለ ውዝፍ አለበት፣ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ያወዘፈ ይሰረዛል፤ እኔም ደብተሩን ገልጬ ማን አባል እንደሆነ ማን እንዳልሆነ በደቂቃ ውስጥ ልነግርዎ እችላለሁ። ብዙ ወገኖቼ መዳንን የሚረዱት በዚሁ መልክ ይመስለኛል፦ በእገሌ ቀን፣ በእገሌ ጉባኤ እጄን አንሥቼ ጌታን ተቀብያለሁ፣ ስለዚህ ተመዝግቤአለሁ፣ ስለዚህ ሌላውን ተመዝግበሃል ወይ ብዬ ልጠይቅ እችላለሁ ይላሉ። የሕይወት መጽሐፍ መኖሩን ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ይናገራል፤ ነገር ግን የዚያ መጽሐፍ ጸሐፊ እኛ አይደለንም፣ ገልጠን እንድናነብም አልተሰጠንም። የተሰጠን የተስፋ ቃል ነው፤ እሱም ለሰሚው «ለአንተ» እየተባለ የሚነገር እንጂ በሦስተኛ ሰው ላይ የሚነበብ ዝርዝር አይደለም።

የእኛ የወንጌላውያኑ ትምህርት ከየት እንደመጣ ቢታወቅ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም። በአውሮፓ የተሐድሶውን እንቅስቃሴ የጀመረው ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር መነኩሴ ሳለ ለረጅም ሰዓት ቢናዘዝም የረሳሁት ኃጢአት ይኖር ይሆን፣ ንስሐዬስ በቂ ነበር ወይ እያለ ዕረፍት ያጣ ሰው ነበር። ያገኘው መልስ ንስሐህ በቂ ነው የሚል አልነበረም፤ ዓይኑን ከንስሐው መጠን አንሥቶ ይቅር ባዩ በተናገረው ላይ እንዲያሳርፍ ነው የተማረው። እርግጠኝነት የተባለው ይህ ነው። ታዲያ ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1517 ካወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው የክርስቲያን ዕድሜ በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ክርስቶስ ፈቅዷል የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1530 ሲወጣም በ11ኛው አንቀጹ ለእያንዳንዱ ተናዛዥ በግል የሚሰጠው የስርየት ቃል እንዲጠበቅ አዘዘ፤ በ12ኛው አንቀጹ ደግሞ ሁለት ወገኖችን አንድ ላይ አወገዘ፦ አንድ ጊዜ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን፣ ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ሰው ስርየት የለም የሚሉትንም። ይህን አንቀጽ በድንኳናችን የተነሣው ወጣት ሰባኪ ያነበበው አይመስለኝም፤ የእኛዎቹ ምእመናንም ብዙዎቹ አላነበቡትም።

እርግጥ ነው፣ ከዚያ ከአውሮፓው ተሐድሶ የወጡት አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ የላቸውም። የሌላውን የተሐድሶ መሪ የካልቪንን ፈለግ የተከተሉት እ.ኤ.አ. በ1618 እና በ1619 በሆላንድ ዶርት ከተማ ተሰብስበው እግዚአብሔር በእውነት የመረጣቸውን እስከ መጨረሻው ይጠብቃቸዋል ብለው ወስነዋል፤ የሜቶዲስትና የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ግን ያመነ ሰው ወደ ኋላ ሊመለስና ሊጠፋ እንደሚችል ያስተምራሉ። ዶርት እንኳ ዳዊትንና ጴጥሮስን ጠቅሶ የተመረጡትም በጽኑ ሊወድቁ እንደሚችሉ፣ አማኝም ሁልጊዜ ይህ እርግጠኝነት እንደማይሰማውና ከጥርጣሬ ጋር እንደሚታገል አልሸሸገም። በካቶሊካውያን በኩል የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ማንም ልዩ መገለጥ ሳይሰጠው እስከ መጨረሻው እጸናለሁ ብሎ ያለ ጥርጥር ሊናገር አይገባም ብሎ ነበር። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ከቆየ ጠብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አባል ከሆነችበት ከሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጋር በዚያው በአውግስቡርግ ከተማ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ሲፈርሙ፣ በዚህ ነጥብ ላይ የተስማሙበት ሐሳብ ምእመናን በእግዚአብሔር ምሕረትና ተስፋ ሊታመኑ ይችላሉ የሚል ነው። የካቶሊኮቹ ወገን ማንም የእግዚአብሔርን ምሕረት ሊጠራጠር እንደማይገባ፣ ሰው ግን የራሱን ድካም ባየ ጊዜ ስለ መዳኑ ሊሰጋ እንደሚችል አክሎ አስረድቷል። እኔ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁም፤ ደግሞም አዛውንቱ ጎረቤታችን «ለፈጣሪው ተውለት» ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም።

ወደ ኦርቶዶክስ ወንድሞቼና እኅቶቼ ስመለስ፣ የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ «እነሱ እርግጠኝነት የላቸውም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህን የሚል ሰው አንድ ጊዜ ቅዳሴ ቆሞ ያስቀድስ። በጸሎተ ሃይማኖት ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ይባላል፤ የሙታንን መነሣትና የሚመጣውን ሕይወት ደግሞ በተስፋ እንጠብቃለን ይባላል። እግዚአብሔር ያደረገው ይታመናል፣ ገና የሚያደርገው ይጠበቃል፤ በዚህ ውስጥ የጎደለ ነገር የለም፣ እኛም ይህንኑ የኒቅያ ቃል እንቀበላለን። በዚያው ቅዳሴ ውስጥ ፍትሐት ዘወልድ የተባለው የስርየት ጸሎት በሕዝቡ ሁሉ ላይ ይነበባል። ለንስሐ አባቱ የተናዘዘ ምእመንም ቀኖናውን ተቀብሎ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብሎ ነው የሚሰናበተው። እናቴ ከዚህ ቃል በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷ ላይ የማየውን ሰላም ጥርጣሬ ብሎ የሚጠራው ካለ እሷን አላያትም።

ከግብፅ በረሃ አበው የአባ ሲሶይ የዕረፍታቸው ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚናገረው አለው። ሊያርፉ በተቃረቡ ጊዜ መነኮሳቱ ከብበዋቸው ሳለ ፊታቸው እንደ ፀሐይ አበራ፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ሲጠየቁ መላእክት ሊወስዷቸው እንደመጡና ለንስሐ ጥቂት ጊዜ እንዲተዉላቸው እየለመኑ እንደሆነ ተናገሩ። መነኮሳቱ «አባታችን፣ እርስዎ ንስሐ አያስፈልግዎትም» ሲሏቸው፣ በእውነት ገና የጀመርሁ እንኳ አይመስለኝም አሉ። መላእክት በአጠገባቸው ቆመው፣ ፊታቸው እያበራ እንኳ በራሳቸው ላይ መፍረድን አልፈለጉም፤ ነገር ግን ማንም ከእሳቸው ፍርሃት አላየባቸውም። የእኛ ወገን ይህን የመነኮሳት ወግ ነው ብሎ እንዳያልፈው፣ ሉተር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1546 ከመሞቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በብጣሽ ወረቀት የጻፈው የመጨረሻ ቃሉ «ለማኞች ነን፤ ይህ እውነት ነው» የሚል መሆኑን ልጨምር። የመዳንን እርግጠኝነት ለዓለም ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ሰው በለማኝነት እጁን ዘርግቶ ሞተ። የበረሃው መነኩሴና በዊተንበርግ ያስተማረው ሉተር በብዙ ነገር ባልተስማሙ ነበር፤ በሞት አልጋ ላይ ግን እርስ በርስ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ይህን ስል በሁለቱም በኩል ትምህርቱን የሚያበላሸውን ልማድ ችላ ማለት አይገባኝም። በእኛ በኩል የታየኝ ጉድለት ይቅርታን ካለፈ ቀን ጋር አስሮ ማስቀረት ነው። ድነሃል የተባለው ሰው የዛሬ ስድስት ዓመት የተበደረውን ገንዘብ ሳይመልስ በዚያው ደረጃ ላይ ከአበዳሪው ጋር ሲገናኝ «ጌታ ይቅር ብሎኛል» እያለ ያልፋል። ቀራጩ ዘኬዎስ ግን ጌታ ወደ ቤቱ በገባበት ዕለት የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የሚለውም ቃል ከዚያ ቀጥሎ ነው የተሰማው። ዘኬዎስ መዳንን በገንዘቡ አልገዛም፤ የገባበት መዳን ግን ኪሱ ውስጥ ያለውን የሰው ገንዘብ አላስቀመጠውም።

በኦርቶዶክሱ በኩል የማየው ደግሞ ማዘግየት ነው። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ ትቆርባለች፤ ልጅነት እስኪያልፍ ድረስ ቤተሰብ ያቆርባል፤ ከጉርምስና በኋላ ግን ብዙው ሰው ከቅዱስ ቁርባን ርቆ «ስሸመግል እመለሳለሁ» እያለ ዕድሜውን ይፈጃል። የቤተ ክርስቲያኒቱ መምህራን ራሳቸው ይህን ልማድ በየዐውደ ምሕረቱ ሲወቅሱ እሰማለሁ፤ ስለዚህ የእኔ ነቀፋ አይደለም። «እግዜር ያውቃል» የሚለው ቃል ከአዛውንቱ አፍ በለቅሶ ቤት ሲወጣ ትሕትና ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አፍ ስለ ገዛ ራሱ ኑሮ ሲወጣ ግን ቀጠሮ ማራዘሚያ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር የሚያውቀው እንዳለ ሁሉ፣ ሰውየውም የሚያውቀው የራሱ ነገር አለ።

ነገር ግን የሚያሳስቡኝ ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም። የእርግጠኝነት ትምህርት በተለይ የተሰጠላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ስንረሳ ነው ትምህርቱ መከራከሪያ የሚሆንብን። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉና አማኞች ሲታሰሩ የጸኑትን እናስታውሳለን፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በሳምንታት ልዩነት መገደላቸውን ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አይረሱትም። ያልጸኑትን ግን ማንም አያስታውስም። በወጣትነቴ የማውቃቸው አንድ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሃይማኖት የለኝም ብለው ወረቀት ላይ ፈርመው ነበር። ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያናችን ስትከፈት ተመለሱ፤ ነገር ግን ለዓመታት በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉባኤው በጋራ ተናዝዞ ቄሱ የስርየቱን ቃል ሲያውጁ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቅዱስ ቁርባን ሲቀርብ ወደ ውጭ ይወጡ ነበር። «ያ ለእናንተ ነው፤ እኔ ፈርሜአለሁ» አሉኝ አንድ ጊዜ። እኚህን ሰው ዛሬ ብትሞቱ የት ትሄዳላችሁ ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው፤ መልሱን ለራሳቸው ከሰጡ ቆይተዋልና። ይጠቅማቸው የነበረው ጥያቄ ሳይሆን ቃል ነበር። በመጨረሻ አንድ አረጋዊ ቄስ በቢሮአቸው በር ዘግተው ሁሉንም ካዳመጧቸው በኋላ፣ እጃቸውን በሰውየው ራስ ላይ ጭነው፣ በስማቸው ጠርተው ኃጢአትህ ተሰርዮልሃል አሏቸው። በተከታዩ እሑድ ወደ ውጭ አልወጡም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ250 ገደማ በንጉሠ ነገሥት ዴኪዮስ ስደት ለጣዖት ዕጣን ያጠኑ ክርስቲያኖች ንስሐ ገብተው ሲመለሱ፣ በሮም የነበረው ካህን ኖቫትያኖስና ተከታዮቹ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ልትቀበል አትችልም ብለው ተለዩ። ከሰባ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት የተባሉት አባቶች በስምንተኛው ቀኖናቸው ከዚህ ወገን የሚመለሱ ካህናት በስደት ጊዜ ከወደቁት ጋር አብረው ሊቆርቡ እንደሚስማሙ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አዘዙ። ሁለታችንም አባቶቻችን የምንላቸው እነዚህ ሊቃውንት ለካደ ሰው እንኳ በሩን አልዘጉም። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ አልነበረምን?

ሟችን በተመለከተ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ኦርቶዶክሳውያን ፍትሐት ያደርጋሉ፣ በአርባው ቀን ተዝካር ያወጣሉ፣ ለሞቱት መጸለይ እንደሚጠቅማቸው ያምናሉ፤ እኛ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም፣ ልዩነቱም እውነተኛ ልዩነት ነው። ሆኖም ከሁለቱም ትምህርት ስለ አንድ የታወቀ ሰው «እገሌ የት እንዳለ አውቃለሁ» ወደሚል ፍርድ የሚያደርስ መንገድ የለም። በቀኝ የተሰቀለውን ፈያታዊ ዘየማንን ቤተ ዘመዶቹ በወንበዴነት ፍርድ እንደተሰቀለ ብቻ ሰምተው ቀብረውት ይሆናል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ከጌታ ጋር የተባባሉትን የሰሙት በመስቀሉ አጠገብ የነበሩት ብቻ ናቸው። የሟች ባለቤት ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ «ያ ልጅ ያለው እውነት ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነበር የነገርኋቸው። «እትዬ፣ እሱ የጋሼን ልብ አላየም። ያየው ክርስቶስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይራራል» አልሁ። ሟች ድነዋል ብዬ አልማልሁላቸውም፤ እሳቸውም መሐላ አልፈለጉም።

ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረብሁት ረቂቅ አንቀጽ ስብከትን በጥቅሉ የሚከለክል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ክልከላ የሚጠይቁ አባላት ቢኖሩም፣ ሐዘንተኛ የትንሣኤን ቃል እንዳይሰማ ማድረግ ከእድር ሥልጣን በላይ ይመስለኛል። ረቂቁ የሚለው በድንኳኑ ውስጥ የሚጸልይም ሆነ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የሐዘንተኛውን ቤተሰብ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ስለ ሟች መዳንና አለመዳንም ማንም እንዳይናገር ነው። አንዳንድ ወንጌላውያን አባላት ወንጌል ታገደ ብለው ቅር ተሰኝተውብኛል። ወንጌል የሟችን ስፍራ በመገመት ላይ ቆሞ አያውቅምና ምንም አልታገደም ብዬ መልሻለሁ፤ ክርክሩ ግን ገና አላበቃም።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ጉዳይ በጋዜጣችሁ ላይ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሌላውን ስሕተት የሚዘረዝርባቸው ናቸው፤ በእነሱ ምክንያት የየካ አባዶ ኦርቶዶክስ ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው «ኃጢአት ቢሠሩም ድነናል ይላሉ» የሚለውን ብቻ ነው፣ የየካ አባዶ ጴንጤም የሚያውቀው «በሥራ እንድናለን ይላሉ» የሚለውን ብቻ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንትንና የወንጌላውያን የነገረ መለኮት መምህራንን ጋብዛችሁ በተከታታይ እትም አንድ ዓይነት ጥያቄ ብታቀርቡላቸው ብዙዎቻችን እንማርበታለን። ጥያቄውም ስለ ሌላው ቤተ እምነት ስሕተት እንዳይሆን እለምናለሁ፤ ተጠምቆ፣ አምኖ፣ ከዚያ ወድቆ፣ ራሱን ይቅር ሊል ያቃተው ሰው ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮአቸው ወይም ወደ ደጀ ሰላማቸው ቢመጣ ምን ብለው እንደሚመልሱለት፣ በምን ቃልና በምን ሥርዓት ወደ ቤቱ እንደሚሸኙት ብቻ ይጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር ጸሐፊ
ከየካ አባዶ፣ አዲስ አበባ